ጀርባዋን የሰጠችኝ ወፍ፤ ስለ ገድ የተጻፈ ትምህርት

የሚነበበው፦ ዘዳግም 18፥9-14፤ መክብብ 11፥1-6፤ ማቴዎስ 10፥26-31።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ትምህርት በመንገድ ላይ ድንገት ስላየኋት ስለ አንዲት ትንሽ ወፍ ነው። ነገሩ ቀላል ቢመስልህም ታግሠህ አንብበው፤ በዚህች ወፍ ምክንያት አንዲት መበለት የአንድ ዓመት እህሏን አጥታለችና። ያጠፋውም ሌላ ሰው አይደለም፤ ይህን የሚጽፍልህ ሰው ነው።

በአገራችን መንገደኛ ከቤቱ ሲወጣ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ፤ ቀኝ ያውልህ» ተብሎ ይመረቃል። ምርቃቱ መልካም ነው፤ መንገደኛውን ለእግዚአብሔር አደራ መስጠት ነውና አንነቅፈውም። ነገር ግን ብዙ ሰው «አሜን» ብሎ ከደጅ ከወጣ በኋላ ዐይኑን ወደ ዛፍ ጫፍ ያነሣል። ወፏ በቀኝ ናት ወይስ በግራ? ፊቷን ሰጠችኝ ወይስ ጀርባዋን? ድምፅዋ የደስታ ነው ወይስ የለቅሶ? ይህን ገድ ይሉታል። ገዱ የቀና እንደ ሆነ ይሄዳል፤ ያልቀና እንደ ሆነ ወደ ቤቱ ተመልሶ ጥቂት ተቀምጦ እንደ ገና ይወጣል፥ ወይም ጕዳዩን ለሌላ ቀን ያሳድራል። ይህን የሚያደርገው በእግሩ የሚሄደው ብቻ አይደለም፤ መኪና የሚነዳውም ሲያደርገው አይቻለሁ።

ልማዱ የትናንት አይደለም። ሄንሪ ሶልት የተባለ እንግሊዛዊ ወደ አገራችን መጥቶ ከተመለሰ በኋላ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1814 ዓ.ም. ባሳተመው የጕዞ መጽሐፍ፥ ሰዎች ስለማይገድሏት ስለ አንዲት ትንሽ ጭልፊት ጽፎአል። መንገደኛ ባገኛት ጊዜ ደረቷን ወደ እርሱ መልሳ ዝም ብላ ከተቀመጠች መንገዱ መልካም ይሆናል ይባል ነበር፤ ጀርባዋን ከሰጠችው ክፉ ነው፤ ፈጥና ከበረረች ደግሞ ጕዞውን ትቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው ነበረ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ በራሴ አፈርሁ። ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ፥ ወንጌል እሰብካለሁ የምል ሰው፥ መጽሐፍ ቅዱስን በትከሻዬ አንግቤ ያንኑ አድርጌ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከደብረ ብርሃን በላይ ባለው ደጋ አንድ ገበሬ ሊሞት በተቃረበ ጊዜ አስጠራኝ፤ እርሻው ለሚስቱና ለልጆቹ እንዲቀር የተናገረውንም ቃል በወረቀት ጻፍሁለት። ከሞተ በኋላ ግን ወንድሙ ድንበሩን ገፍቶ ከወንዙ በላይ ያለውን የገብስ እርሻ ያዘ፤ ወረቀቱንም «ሟቹ አእምሮውን ከሳተ በኋላ የተጻፈ ነው» ብሎ ካደ። መበለቲቱ ለሽማግሎች አመለከተች፤ እነርሱም ቀን ቈርጠው ለምስክርነት ጠሩኝ። ቃሉ ሲነገር ከአልጋው አጠገብ የነበርነው ሁለት ሰዎች ብቻ ነን፤ አንዱ ያ ወንድም ራሱ ነው፥ ሁለተኛው እኔ ነኝ።

እውነቱን ልናገር። መሄድ አልፈለግሁም። ያ ሰው በአገሩ የተፈራ፥ በእኛ ዘንድ ደግሞ የተመሰገነ ነበረ፤ ለጸሎት ቤታችን ጣራ የሚሆነውን እንጨት የሰጠን እርሱ ነው፤ ቆርቆሮውንም እንደሚገዛልን ተስፋ ሰጥቶን ነበር። አለመፈለጌን ግን ለማንም አልነገርሁም፥ ለራሴም አልገለጥሁትም። በዋዜማው ሌሊት ተንበርክኬ «ጌታ ሆይ፥ ፈቃድህን አሳየኝ» እያልሁ ጸለይሁ። ፈቃዱ ግን አስቀድሞ ታይቶ ነበር። ያየውንና የሰማውን የሚያውቅ ምስክር ዝም ቢል ኀጢአቱን እንደሚሸከም በዘሌዋውያን 5፥1 ተጽፎአልና ሌላ መገለጥ አያስፈልገኝም ነበር። ግልጥ የሆነውን ነገር እንደ ገና ግለጥልኝ ብሎ መለመን ለመዘግየት የሚደረግ ጸሎት ነው። እንዲህ ያለውን ጸሎት ብዙ ጊዜ ስለ ጸለይሁ ጠባዩን አውቀዋለሁ።

በማለዳ ከአንድ ወጣት ደቀ መዝሙር ጋር ተነሣን። ወሩ ኅዳር ነበረ፤ ገብሱ ለማጭድ ደርሷል፤ ነፋሱም ከፊታችን ይነፍስ ነበርና ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ አንገቴን ደፍቼ እሄድ ነበር። በዚያ ሜዳ ከቁራና ከርግብ በቀር ወፍ አያለሁ ብዬ አላሰብሁም። ብቻውን ከቆመው ጽድ ስንደርስ ግን ወጣቱ ድንገት ቀጥ አለ። ቀና ብዬ ባይ በዛፉ ጫፍ ላይ አንዲት ጭልፊት ተቀምጣለች። ከቁራ ታንሳለች፤ ጀርባዋ አመድማ ነው፥ በትከሻዋ ላይ እንደ ከሰል የጠቈረ ምልክት አለ፤ ራሷና ጅራቷ ነጣ ያሉ ናቸው። ጀርባዋን ሰጥታን ወዲያ ትመለከታለች።

ወጣቱ ምንም አልተናገረም፤ ዞር ብሎ እኔን ብቻ አየኝ። እርሱም እንደ እኔ በዚያው አገር ያደገ ልጅ ነው፥ አያቶቹ የነገሩትን ያውቃል። አሁን መምህሩ ምን እንደሚያደርግ ይጠብቅ ነበር። እኔም «ዛሬ ነፋሱ ከበደ፤ ዝናብም ሳያመጣ አይቀርም» አልሁ። ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርሌ የጠራ ነበር። ልጁም ጥቂት ዝም ብሎ «እንደ ፈቃድዎ፥ መምህር» አለኝና ተመለስን። ስንመለስ ነፋሱ ከኋላችን ሆኖ እየገፋ አደረሰን፤ መመለሱ እጅግ ቀላል ነበረ።

በዚያ ቀን ሽማግሎቹ እስከ ቀትር ጠብቀውኝ ነበር። ምስክር በመጥፋቱ ሰውየው በመሐላ ረታ። የደረሰውንም ገብስ በሳምንቱ ደቦ ጠርቶ አጨደው።

በአራተኛው ቀን መበለቲቱ ከቤቴ መጣች። ግቢ ብላት ከደጃፉ አልፋ አልገባችም። እንዲህም አለችኝ፦ «መምህር፥ ታምሜአለሁ ብለው ልከውብኝ ቢሆን አምንዎ ነበር። ፈርቻለሁ ቢሉኝም እኔም እፈራዋለሁና አልፈርድብዎትም። ልጁ ግን የሆነውን ነገረኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ ወፏ ጀርባዋን የሰጠችው ለእርስዎ ነው ወይስ ለእኔ?»

መልስ አልነበረኝም። ቡናውም ተፈልቶ ሳለ ሳትጠጣ ሄደች።

እንግዲህ ውድ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር በእኔ ላይ እንዴት እንደ ሠለጠነ አብረን እንመርምር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ስለ ገድ የተማርሁት «ከንቱ ነገር ነው» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነበረ። ቃሉ እውነት ነው፥ ነገር ግን አልበቃኝም። ከንቱ ነገር ሁሉ በሰው ላይ ኀይል የሌለው መስሎኝ ነበርና። ዛሬ እንዳስተዋልሁት ኀይሉ በወፏ ዘንድ አይደለም፤ በልባችን ፍላጎት ዘንድ ነው። ማስረጃውም ይህ ነው፤ ያን ጊዜ የምሄደው ወደ ልጄ ሠርግ ቢሆን ኖሮ፥ በመንገዱ ያሉ ጭልፊቶች ሁሉ ጀርባቸውን ቢሰጡኝ እንኳ አልመለስም ነበር። ደግሞም ከዚያ በፊት ወደ አንድ ግብዣ ስሄድ እንዲህ ያለችውን ወፍ አይቼ፥ ባልንጀራዬ ሲያመነታ በእርሱ ስቄ ዐልፌ ነበር። በግብዣው መንገድ ላይ አማኝ ነበርሁ፥ በምስክርነቱ መንገድ ላይ ግን ገደኛ ሆንሁ። ወፏ የነገረችኝ እኔ አስቀድሜ የነገርኋትን ነው።

በዘዳግም 18 ውስጥ ሙሴ የከለከላቸውን ነገሮች ስታነብ፥ ገድ የሚጠብቅና ሟርት የሚያሟርት ሰው ልጁን በእሳት ከሚያሳልፍ ሰው ጋር በአንድነት ተቈጥሮ ታገኘዋለህ። ይህ አቈጣጠር ለብዙ ዘመን ያስገርመኝ ነበር። ሕፃን በእሳት ማቃጠል ወዴት፥ የወፍ ድምፅ መስማት ወዴት! እላለሁ። ከመበለቲቱ ጥያቄ በኋላ ግን መገረሜ ቀረ። በሁለቱም ዘንድ አንድ ሰው ስለ ራሱ ዕድል ይጨነቃል፥ ዋጋውን ግን ሌላ ሰው ይከፍላል። እኔ ከጕዞው ቀርቼ በእሳት አጠገብ ስሞቅ ዋልሁ፤ የተራቡት የእርሷ ልጆች ናቸው። ገድ የሚፈራ ሰው «ለራሴ ነው የተጠነቀቅሁት፥ ማንን ጐዳሁ?» ቢል፥ በዚያ ቀን ሊደርስለት ይገባው የነበረውን ሰው ስም ጠይቁት።

አንዳንድ አንባቢ «ታዲያ ወፍን መመልከት ኀጢአት ነውን?» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ በወፎች የተሞላ ነው። ኖኅ ቁራንና ርግብን ሰደደ፤ የሰደዳቸውም ዕድሉን እንዲነግሩት አይደለም፥ ውሃው መጕደሉን ያውቅ ዘንድ ነው እንጂ። ርግቢቱ የወይራ ቅጠል ባመጣች ጊዜ ያየችውን አመጣች። ኤርምያስ በምዕራፍ 8 የሚመጡበትንና የሚሄዱበትን ጊዜ ስለሚያውቁ ወፎች ተናግሮ ሕዝቡን ወቅሶበታል። ጌታችንም የሰማይን ወፎች ተመልከቱ ብሎ አዝዞናል። እንግዲህ ተመልከት፤ ልዩነቱ በምትጠይቃት ጥያቄ ነው።

ይህን በአንድ ነገር ላስረዳህ። ሰውን ወደ ማር የምትመራ አንዲት ትንሽ ወፍ በአገራችን ቈላዎችና በጎረቤት አገሮች እንዳለች ብዙ ሰው ያውቃል። ትጮኻለች፥ ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለች ትቀድማለች፥ ሰውየውም ተከትሎ ቀፎውን ያገኛል፤ ማሩን እርሱ ሲወስድ እርሷ ሰሙንና እጩን ትበላለች። ሁሴን ኢሳክና ሃይንትስ ኡልሪሽ ራየር የተባሉ ተመራማሪዎች በሰሜን ኬንያ ከቦረና ማር ቈራጮች ጋር ተጕዘው ይህን በሰዓት ለክተው በ1989 (እ.ኤ.አ.) አሳትመውታል። ወፏ ባልመራቻቸው ጊዜ የንብ ቤት ለማግኘት በአማካይ 9 ሰዓት ያህል ሲፈጅባቸው፥ በመራቻቸው ጊዜ ግን 3 ሰዓት ከጥቂት ደቂቃ ብቻ ፈጅቶባቸዋል። ይህችን ወፍ የሚከተል ቦረና ገደኛ አይደለም። እርሷ ማሩ ያለበትን በዐይኗ አይታለች፥ ሰሙንም ትፈልጋለች፤ የምታውቀውን ትጠየቃለች፥ የምታውቀውንም ትመልሳለች። በጽድ ላይ የተቀመጠችው ጭልፊት ግን ስለ መሬቱ ክርክር ምን ታውቃለች? ሽማግሎቹን አታውቃቸውም፥ ወረቀቱንም አላነበበችም።

ይህን ነገር ከእኔ ብዙ ዘመን አስቀድሞ የተናገረው ሰው አለ። ዮሴፍ የተባለው የአይሁድ ታሪክ ጸሐፊ በአጲዮን ላይ በጻፈው በመጀመሪያው መጽሐፍ፥ ከቀድሞው ከሄቃጤዎስ አግኝቶ ያወራዋል። ብዙ ጭፍራ ወደ ቀይ ባሕር ሲጓዝ አንድ ጠንቋይ ሁሉንም አቆመ። ሞሶላሞስ የተባለ አይሁዳዊ ቀስተኛ «ስለ ምን ቆምን?» ብሎ ጠየቀ። ጠንቋዩም አንዲት ወፍ አሳየው፤ ባለችበት ብትቀመጥ እንዲቆሙ፥ ወደ ፊት ብትበር እንዲሄዱ፥ ወደ ኋላ ብትበር እንዲመለሱ ነገረው። ቀስተኛው ዝም ብሎ ቀስቱን ገተረና ወፏን ወግቶ ጣላት። ሰዎቹ በተቈጡ ጊዜም፥ የራሷን ሞት ያላወቀች ወፍ የእኛን መንገድ እንዴት ልታውቅ ትችላለች ብሎ መለሰላቸው። ወፏን መግደሉን አላመሰግንም፤ ምንም አልበደለችውምና። ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።

«ነገር ግን ገዱ ሲደርስ በዐይናችን አይተናል» የሚሉ አሉ። በሮማውያን ዘንድም እንዲህ ይባል ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ249 ዓመት ክላውዲዮስ የተባለ የመርከብ አዛዥ በሲሲሊያ ደሴት አጠገብ በድሬፓና ሊዋጋ ሲል፥ ለገድ የሚጠበቁት ዶሮዎች እህል አንበላም አሉ፤ እርሱም ካልበሉ ይጠጡ ብሎ ወደ ባሕር ጣላቸውና በውጊያው ተሸነፈ ይባላል። ሮማውያን ይህን ለልጆቻቸው ሲያስተምሩ ኖሩ። ስለዚያ ውጊያ የጻፈው ፖሊቢዮስ ግን የዶሮዎቹን ነገር ከቶ አያነሣም፤ የሽንፈቱን ምክንያት ሲናገር፥ የሚገቡትና ተመለሱ የተባሉት መርከቦች በወደቡ አፍ ላይ እርስ በርሳቸው እንደ ተጋጩ ይጽፋል። ዶሮዎቹ ጠግበው ቢበሉም መርከቦቹ በጠባብ ስፍራ መጋጨታቸው አይቀርም ነበር። አንተም በዚህ ብትጠራጠር ደብተር ያዝ፤ ያየሃትን ወፍ ሁሉና ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለአንድ ወር በታማኝነት ጻፍ። የደረሰውን ብቻ ሳይሆን ያልደረሰውንም ጻፍ። የሰው ልብ የደረሰለትን ይቈጥራል፥ የቀረውን ግን ይረሳልና።

ከዚህ የሚከብደው ክርክር ግን የአማኞች ክርክር ነው። «ጳውሎስ ወደ እስያና ወደ ቢታንያ ሊሄድ ሲል መንፈስ ቅዱስ አልከለከለውምን? እግዚአብሔርስ በወፍ ሊከለክለኝ አይችልምን?» ይላሉ። የሐዋርያት ሥራ 16ን ሙሉውን አንብቡ። ጳውሎስ በተከለከለ ጊዜ ወደ ቤቱ ተመልሶ አልተኛም፤ ወደ ሌላ ሥራ፥ ይኸውም ወደ መቄዶንያ ተሻገረ፥ በዚያም ተገርፎ ታሰረ። መንፈስ ቅዱስ የዘጋው በር ሌላ በር ከፍቶአል። እኔን ያስመለሰችኝ ወፍ ግን ወደ ምድጃዬ ብቻ መራችኝ። ደግሞ ጌዴዎንን የሚጠቅሱ አሉ። ጌዴዎን ጠጕር ዘርግቶ ምልክት የጠየቀው ትእዛዙን ከሰማ በኋላ ነው፤ እግዚአብሔርም ድካሙን ታገሠለት። መታገሡ ግን ለእኛ ሥርዐት አይሆንም።

በዚህ ስፍራ ስለ ራሳችን ቤት አንድ ነገር ልናገር፥ ወንድሞቼ አይቈጡኝ። ዐውደ ነገሥት የሚያስገልጠውን ጎረቤታችንን እንነቅፋለን፤ እኛ ግን ዐይናችንን ጨፍነን መጽሐፍ ቅዱስን በዘፈቀደ ከፍተን ጣታችን ያረፈበትን ቃል የዛሬ መመሪያዬ ነው እንላለን። ቃሉ ካልወደድነውም እንደ ገና እንከፍታለን። ይህ ከወፍ ገድ በምን ይለያል? መጽሐፉ ሊነበብ ተሰጠን እንጂ ዕጣ ሊጣልበት አልተሰጠንም።

በማቴዎስ 10 ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን ሲልካቸው በሸንጎ ፊት እንደሚቆሙ፥ እንደሚመሰክሩም ነገራቸው። ስለ ድንቢጦች የተናገረው በዚያ መካከል ነው። ይህን ልብ በል። በጥቂት ገንዘብ የሚሸጡት ድንቢጦች በምስክርነት መንገድ ላይ ለሚሄዱ ሰዎች ተነገሩ፤ አብ ሳያውቅ አንዲቱ እንኳ እንደማትወድቅ ተናግሮ አትፍሩ አላቸው። እንዲህ ከሆነ ወፏ ራሷ ጠባቂ ያላት ፍጥረት ናት፤ እኔና እርሷ በአንድ አባት እጅ ነን። ወደ እርሷ ቀና ብዬ «ምን ይደርስብኛል?» ማለቴ፥ አንድ ልጅ በአባቱ ቤት ሆኖ ስለ እራቱ ድመቲቱን እንደሚጠይቅ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ከብዙ ቀን በኋላ ወደ ሽማግሎቹ ሄጄ የሆነውን ሁሉ ተናገርሁ። ፈራሁ ማለት ይቀልለኝ ነበር፤ ነገር ግን የፈራሁትን በወፍ መሸፈኔን ጭምር መናገር ነበረብኝ። ከመካከላቸው አንዱ ሳቀ። በዕድሜ የገፉት ሽማግሌ ግን «አይሳቅ፤ እርሱ አሁን የተናገረውን እኛ ስንቶቻችን ደብቀን ይዘናል» አሉ። በመሐላ ያለቀ ነገር ነውና እንደ ገና ለመስማት አልወደዱም ነበር። ብዙ ከተለመኑ በኋላ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ቀን ሰጡን። ፍርዱ ምን እንደ ሆነ እዚሁ ልንገርህ፤ ከወንዙ በላይ ያለው እርሻ ለመበለቲቱ ተመለሰ፥ የታጨደው ገብስ ግን ተበልቶ ነበርና አልተመለሰም። ሰውየውም የሰጠንን እንጨት አስጭኖ ወሰደ። ጸሎት ቤታችን ሁለት ክረምት በሣር ክዳን ቆየ፤ በሁለተኛውም ክረምት በምሥራቁ ጥግ እያፈሰሰ አስቸገረን። መበለቲቱ በዚያ ጥግ ትቀመጥ ነበር፥ ወደ ደረቁ ስፍራ ነይ ብንላትም እምቢ አለች።

ወደዚያ ፍርድ ስንሄድ ግን፥ እኔና ያው ወጣት በዚያው መንገድ ተጓዝን። ነፋሱ እንደ ቀድሞው ከፊታችን ነበረ። ከጽዱ ስንደርስ እነሆ፥ ወፏ በዛፉ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ያችው ትሁን ሌላ አላውቅም። ጀርባዋንም ሰጥታናለች። ወጣቱ እንደ ቀድሞው አየኝ፤ እኔም አየሁት። «ና እንለፍ» አልሁት። ጕልበቴ ጥቂት እንደ ላላ አልሸሽግህም።

ከዛፉ አልፈን ኀምሳ እርምጃ ያህል እንደ ሄድን ወጣቱ ወደ ኋላው ተመልክቶ «መምህር፥ ይመልከቱ» አለኝ። ዞር ብል ወፏ አልተንቀሳቀሰችም፤ ነገር ግን ከዚህኛው ወገን ደረቷ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ፥ ዐይኗም ቀይ ሆኖ ወደ እኛ ይመለከታል። ያን ጊዜ ነገሩ ተገለጠልኝ። ወፍ በነፋስ ቀን ስትቀመጥ ፊቷን ወደ ነፋሱ ትመልሳለች፤ ጀርባዋን ብትሰጠው ላባዋን ይገልብባታልና። ነፋሱ ከፊታችን ይመጣ ስለ ነበረ እርሷም እኛ ወደምንሄድበት ትመለከት ነበር። በኅዳርም እንዲሁ ነበረ፤ እኔ በጋቢ ተከናንቤ ነፋሱን ስሸሽ እርሷ ፊት ለፊት ተቀምጣበት ነበር። በዚያ ቀን ኀምሳ እርምጃ ብጨምር ኖሮ ደረቷን ባየሁ ነበር።

ደስ አለኝ። ወዲያውም ያን ደስታ ፈራሁት። ልቤ «እነሆ ደረቷን ሰጠችህ፥ ዛሬ ትረታለህ» ሊለኝ ጀምሮ ነበርና። ክፉውን ገድ በበሩ ሳስወጣ መልካሙ ገድ በመስኮት ሊገባብኝ ነበር። ለወጣቱም «ይህም ነፋስ ነው፥ ሌላ አይደለም» አልሁት። እርሱም ሳቀና «እኔስ ምን አልሁ?» አለኝ።

በኋላ የወፎችን ነገር ከጻፉ ሊቃውንት እንዳነበብሁት ይህች ጭልፊት ምግቧ ከሁሉ ይልቅ አይጥ ነው። እህል ባለበት ሜዳ ሁሉ ትገኛለች፤ በአየር ላይም ክንፏን እያርገበገበች በአንድ ስፍራ ቆማ ትጠብቃለች። ገበሬውን የምትጠቅመው ወፍ ይህች ናት። እኛም ቆመን ሳለን ከዛፉ ተነሥታ በሜዳው ላይ ጥቂት አንዣበበች፥ ሁለቱን ክንፎቿንም ወደ ላይ አቁማ ቀስ እያለች ወረደች፤ በሣሩ ውስጥ ገብታ አንዲት አይጥ ይዛ ተነሣችና ወደ ጽዱ ተመለሰች። መብላት ስትጀምር ወጣቱ ገና ሊያያት ወድዶ ነበር፤ እኔ ግን ሽማግሎቹ ከተቀመጡ በኋላ እንዳንደርስ ሰግቼ ቶሎ በል አልሁት።